ትኩስ ክፈት!

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ ሽመክት ሕልም አዩ። ሕልም የሌሊት ነው የሚባለው ለሠራተኛ ነው እንጂ ጡረተኛ በቀንም ያያል፣ ማን ይከለክለዋል? እኔ የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው። ሲያወሩት አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ላብ በላብ ይሆናሉ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ፤ እኔ እንዳወሩኝ አወራለሁ፣ ፍቺው የእናንተ ነው።

መጀመሪያ ሰውዬውን ልንገራችሁ። ጋሽ ሽመክት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስማቸው «ሺህ መክት» ማለት ነው፤ እሳቸው ግን ምስማር ሲመቱ እንኳ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። በዕድሜያቸው ጠመንጃ ነክተው አያውቁም። የእግዜር ሥራ ሆኖ፣ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት የተኩስ ጨዋታ ተርጓሚ ሆነው ቁጭ አሉ። የቱ ጨዋታ? «ነጭ ግንባር» ነዋ! የከተማው ወጣት ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ፣ ከማያውቀው አገር ሰው ጋር ሲታኮስ የሚውልበት። በየሦስት ወሩ አዲስ ወቅት ይወጣለታል፤ አዲስ ሜዳ፣ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ጣጣ። ልጆቹ «አፕዴት መጣ» ብለው ያብዳሉ። አሁን የሚመጣው «የብርድ ወቅት» ነበር። ሜዳው በረዶ ነው፤ ተጫዋቹ ብርድ ይይዘዋል፣ ጓደኛው ደርሶ ሻይ ካላጠጣው ደርቆ ይሞታል። ይኼ ወቅት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ይወጣል ተባለ።

ሥራውን ያመጣችላቸው ረድኤት ናት። ረድኤት የድሮ ተማሪያቸው ናት፤ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ጨዋታውን በአገር ቋንቋ የሚያስተረጉም ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አለቆቿ «አማርኛ ምን ይሠራል? ልጆቹ በእንግሊዝኛው ለምደውታል» ሲሏት፣ «ቲቸር ሽመክት ይተርጉሙት፣ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ እኔን አሰናብቱኝ!» ብላ እንጀራዋን አስይዛ የተከራከረች ልጅ ናት። ይኼን የሰሙ ዕለት ጋሽ ሽመክት ደስም አላቸው፣ አፈሩም።

ማፈራቸው ለምን መሰላችሁ? ረድኤት ስምንተኛ ክፍል ሳለች ስለ አባቷ ድርሰት ጻፈች። «አባቴ ልባም ነው» ልትል አስባ፣ እጇ ስቶ «አባቴ ሌባም ነው» ብላ ጻፈች። ልባም አስተዋይ ነው፤ ሌባም ደግሞ ያው ሌባ ነው። ጋሽ ሽመክት በቀይ ብዕራቸው ከአሥር ዜሮ ሰጥተው ዝም ቢሉ ደህና ነበር። እሳቸው እቴ! ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡት። ስልሳ ሁለት ተማሪ ተንከተከተ። ልጅቱ ዓመቱ እስኪያልቅ «የሌባው ልጅ» ስትባል ከረመች። ከዚያ ወዲህ እሷ አንድም ቀን አንሥታባቸው አታውቅም፣ እሳቸውም ይቅርታ ብለዋት አያውቁም። ነገሩ ግን ሆዳቸው ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ዓርብ ቀትር ላይ ትርጉሙን ጨርሰው ሊልኩ ሲሉ አንዲት ስሕተት ዓይናቸው ውስጥ ገባች። የ«ተ» እና የ«ት» ነገር ናት። ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ቁልፍ ከዘነጉ «ተኩስ» ያሉት «ትኩስ» ሆኖ ይወጣል። አንድ በአንድ እንዳያርሙ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። «ሁሉንም ተካ» የምትባለዋን ዘዴ ረድኤት አሳይታቸው ነበር፤ ከላይ የሚጠፋውን ቃል ትጽፋለህ፣ ከታች የሚተካውን ትጽፋለህ፣ ትጫናለህ፣ አለቀ። ጻፉ፣ ተጫኑ፣ ላኩ። መብራቱም ሄደ፣ በዚያው ቀረ።

ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ «ትኩስ ነገር አለ» የሚል ጽሑፍ አዩና እግራቸው ቀጥ አለ።

«ከላይ የጻፍኩት የቱን ነበር?» አሉ ብቻቸውን። «ከታችስ?»

ትዝ አይላቸውም። ከላይ «ትኩስ»፣ ከታች «ተኩስ» ከሆነ ተርፈዋል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ግን ሁለት መቶ አሥራ አራት ተኩስ በሙሉ ትኩስ ሆኗል! አፕዴቱ የሚለቀቀው አሥር ሰዓት ነው። ስልካቸው ሞቷል፣ የጎረቤቱም ስልክ ሞቷል፣ ኮምፒውተሩ ያለ መብራት ሣጥን ነው። ያቺ ልጅ ስለ እሳቸው ብላ ከሥራዋ ልትባረር ነው። እየሮጡ ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የሻረግ ነገሯቸው።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ» አሉ ጋሽ ሽመክት። «የጣቱስ በምን ይታሻል?»

«ሽሜ፣ አንተ ደግሞ! እስቲ ትንሽ ጋደም በል» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «ስትነሣ ወይ መብራቱ ይመጣል፣ ወይ ጭንቀቱ ይሄዳል።» ብርድ ልብስ ደረቡላቸው። የደብረ ብርሃን ብርድ ጭንቀት አይቶ አይምርም፤ ተሸፋፈኑና ተኙ።

ወዲያው ነጭ ግንባር ላይ ቆመው ራሳቸውን አገኙት። በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ቦታው ግን የከተማቸው የጠባሴ መንገድ ነው፣ የሚያውቁት ባጃጅ ማቆሚያ እንኳ አለ። ባጃጆቹ ተሳፋሪው ላይ ተሳፍረዋል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ባጃጅ አዝሎ እያለከለከ ሲያልፍ ባጃጁ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ዳር ይዞ አወረደው። ጋሽ ሽመክት ምንም አልገረማቸውም። ሕልም ውስጥ ማን ይገረማል?

ከመንገዱ ማዶ ወታደሮች ተሰልፈዋል። የብረት ቆብ ደፍተዋል፣ ዝናር ታጥቀዋል፤ ዝናሩ ላይ በጥይት ፈንታ የሻይ ማንኪያ ተሰክቷል። ፊት ለፊታቸው ደግሞ ማንኪያውን እንደ ኒሻን ደረቱ ላይ የደረደረ ጄኔራል ቆሟል። ጄኔራሉ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ጋሽ ሽመክት ወረቀቱን ከሩቅ አወቁት፤ የገዛ ትርጉማቸው ነበር።

«ወገን!» አለ ጄኔራሉ። «በአዲሱ ወቅት መመሪያ መሠረት፣ ጠላት መቶ ሜትር ሲቀርብ፣ ትኩስ ክፈት!»

ወታደሮቹም ባንድ ጊዜ ትኩስ ከፈቱ። ሻይ ቤት ከፈቱ ማለቴ ነው። በርጩማ ተዘረጋ፣ ከሰል ተቀጣጠለ፣ ታንኩ አፈሙዝ ላይ ማንቆርቆሪያ ተንጠለጠለ።

«ቀላል ትኩስ!» አለ ጄኔራሉ። ሻይ ተቀዳ።

«ከባድ ትኩስ!» አለ። ታንኩ ጉሮሮውን ጠራርጎ አጥሚት ተፋ፣ ያውም የገብስ አጥሚት፣ ቅቤ የገባበት።

«ወይኔ ሽመክት!» አሉ ጋሽ ሽመክት ራሳቸውን ይዘው። «ሁሉንም ተክቼዋለሁ! ረድኤትን ገደልኳት!»

ጠላት መጣ። ጠላትም ለካ ፔርሙስ ታጥቆ ኖሯል። ሁለቱ ጦሮች በረዶው መሐል ተገናኙና ትኩስ ተለዋወጡ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ውጊያ ጋሽ ሽመክት እንደዚያ ያለ ጭካኔ አይቼ አላውቅም ይላሉ።

«እናንተ ቅደሙ» አለ ጠላት።

«ኧረ እናንተ! እንግዳ አይደላችሁም እንዴ?»

«እኛ ጠጥተን ነው የመጣን።»

«ውሸት! ከንፈራችሁ ደርቋል። በሞቴ ይኼን ብቻ!»

«በሞቴ» ያለው አሥር አለቃ ወዲያው ዘጭ ብሎ ሞተ። አዲሱ ወቅት ቀልድ አያውቅም፤ በሞቴ ካልክ ሞትህ ነው። ሦስት እስኪቆጠር በረዶው ላይ ተዘርሮ ቆየና፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ነፍስ ዘርቶ ከኋላ በኩል ዞሮ መጣ። አንድ ጠብታ እንኳ አልፈሰሰበትም።

«ስንተኛ ሞትህ ነው ልጄ?» አሉት ጋሽ ሽመክት።

«ዛሬ አሥራ ሁለተኛዬ ነው አባቴ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አንድም ሰው አልጠጣልኝም።»

አንጀታቸውን በላቸው። ተቀብለው ፉት አሉለት። አሥር አለቃው በደስታ ብዛት ማዕረግ ጨመረ፣ ትከሻው ላይ አንድ ማንኪያ በቀለ።

ማንኪያው ሲበቅል እያዩ ሜዳው ተገለበጠና ሳሎን ሆነ። ሦስት ወታደሮች ሶፋ ላይ ተዘርፍጠው ስልክ ላይ አቀርቅረዋል። ጋሽ ሽመክት በትከሻቸው አጮልቀው ቢያዩ፣ ስልኩ ውስጥ ደብረ ብርሃን አለች። ቀበሌው አለ፣ ገበያው አለ፣ ጥፍር የሚያክሉ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንደኛው ወታደር አንዲት ሴትዮ ወፍጮ ቤት ሊያደርስ ይታገላል።

«አፋፉ ላይ ጉልበቷን ያማታል» አለ እየተነጫነጨ። «የሰው አፕዴት መቼ ነው የሚለቀቀው?»

«ሰኞ ነው አሉ። ጉልበቱን የማያመው ሰው ይመጣል።»

«ኪራይ የማይጨምር አከራይስ?»

«እሱ እንኳን ገና ሙከራ ላይ ነው።»

በሩ ተበረገደ። እናታቸው ገቡ፤ ክላሽ በነጠላ አዝለዋል። «እናንተ የማትረቡ! ቀኑን ሙሉ ሰው ስትጫወቱ ልትውሉ ነው? ዓይናችሁ ሊጠፋ ነው እኮ! ተነሡና ውጊያችሁን ሥሩ!» አሉ። ሦስቱም እያጉረመረሙ ተነሡ።

ይኼን ጊዜ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሬዲዮ ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ። «ክቡራትና ክቡራን፣ እነሆ ታላቅ ዜና! በሁለቱ ወገኖች መካከል ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የሚጸና የትኩስ አቁም ስምምነት ተፈርሟል።»

ጋሽ ሽመክት ደነገጡ። ተኩስ አቁም ብለው ነበር የተረጎሙት! ስሕተቱ እዚያም ደርሷል ማለት ነው። ውጭ ዋይታ ተሰማ። ሲወጡ ከተማው ሁሉ ደረቱን ይመታል።

«ሰላም መጣብን!» ይላል አንዱ። «ምን አድርገን ነው ሰላም የመጣብን?»

ማንቆርቆሪያዎች አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ እጅ ለመስጠት ይሄዳሉ። ምድጃዎች ተመዝግበው ወደ ሰላማዊ ኑሮ ይመለሳሉ። በጎች ካፖርት ለብሰው ቤት ለቤት ይፈትሻሉ፤ ካፖርቱ ከሰው ጠጉር የተሠራ ነበር። አንድ ሙክት በግ ጋሽ ሽመክትን ከእግር እስከ ራስ አያቸውና ራሰ በራነታቸውን አይቶ ተበሳጨ።

«አንተ አስቀድመህ ተሸልተሃል?» አላቸው።

«በተፈጥሮ ነው ጌታዬ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ከበጉ ኋላ ማን ቢቀርብ ጥሩ ነው? ወይዘሮ የሻረግ! ነጠላቸው ሥር ፔርሙስ ደብቀው ተይዘዋል። «ለብ ያለ ነው! መጽሐፍ መትቼ ልማል፣ ለብ ያለ ነው እንጂ ትኩስ አይደለም!» እያሉ ይከራከራሉ። በጉ ሰኮናውን ነክሮ ቀመሰና ፔርሙሱን በረዶው ላይ ደፋው። ወይዘሮ የሻረግ እዚያው ቅንድባቸው ነጣ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ። በአዲሱ ወቅት ብርድ የያዘው ሰው ጓደኛው ትኩስ ካልሰጠው እንደሚሞት ጋሽ ሽመክት ያውቃሉ፣ ራሳቸው ናቸዋ የተረጎሙት።

«ሽሜ» አሉ ወይዘሮ የሻረግ ቀስ ብለው። «በረደኝ።»

ጋሽ ሽመክት ልባቸው ተሰነጠቀ። አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ ያቺ ሴት በረደኝ ብላ አታውቅም፤ ሲበርዳት «በሩን ዝጋው» ነው የምትለው። የበጉን ካፖርት ይዘው ለመኑ። «አንዲት ፊደል እኮ ናት! አንዲት ፊደል ላርም፣ ሁሉም ይስተካከላል!»

«ማረሚያ ስምንተኛ ክፍል ነው» አለ በጉ። «ግባ፤ ሰልፍ የለም።»

ገቡ። የገዛ ክፍላቸው ነው። ስልሳ ሁለት ወታደር ዴስክ ላይ ተጣቧል። እሳቸውን ፊተኛው ዴስክ ላይ አስቀመጧቸው፣ ጉልበታቸው አልገባ አለ። ከመምህሩ ጠረጴዛ ኋላ ረድኤት ተቀምጣለች፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ረድኤት፣ ዩኒፎርሟ እጅጌው ያጠረ። ጠመንጃ የሚያህል ቀይ ብዕር ጠረጴዛው ላይ አጋድማለች።

«ሽመክት፣ ቁም» አለች።

«አቤት ቲቸር» አሉና ቆሙ።

«ምስክር ይግባ።»

ምስክሯ «ት» ነበረች። ፊደሏ ወገቧን ይዛ እያነከሰች ገባች። «ካለቦታዬ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ አቁመውኛል» አለች። «ያውም በበረዶ። እኅቴ ‹ተ› ሥራ ፈት ሆና ቤት ተቀምጣለች። ሰው እንዴት ፊደል ላይ እንዲህ ይጨክናል?» ወታደሮቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«የጻፍከውን» አለች ረድኤት፣ «ለክፍሉ ጮክ ብለህ አንብብ።»

ጋሽ ሽመክት ወረቀቱን ያዙ። «ጠላትን ስታይ ትኩስ ክፈት» ብለው አነበቡ። «ትኩስ ካለቀብህ መሬት ላይ ተኛ። ከኋላ ትኩስ ቢመጣብህ ዞረህ አትይ፣ ሩጥ።»

ስልሳ ሁለት ወታደር ተንከተከተ። ዴስክ ይደበድባሉ፣ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ጋሽ ሽመክት ጆሯቸው ጋለ። ቀላ፣ ጨሰ። ትኩስ ነገር ሁሉ በታገደበት ከተማ ውስጥ የቀረው ትኩስ ነገር የጋሽ ሽመክት ጆሮ ብቻ ሆነ። ወይዘሮ የሻረግ እየተንቀጠቀጡ ገቡና ሁለት እጃቸውን የባላቸው ጆሮ ላይ አድርገው ሞቁ። «እሰይ» አሉ፣ «እሰይ የኔ ጌታ።» የቅንድባቸው በረዶ ቀለጠ።

ጋሽ ሽመክት በእፎይታ አለቀሱ። በጆሯቸው እሳት መሐል ግን አንድ ነገር ገባቸው። ያቺ ልጅም ያን ቀን ጆሮዋ እንዲህ ግሎ ነበር። አጠገቧም ማንም አልቆመም ነበር።

«ረድኤት ልጄ» አሉ። «ያን ቀን ፊደሉን ማረም ነበረብኝ እንጂ አንቺን ማሳፈር አልነበረብኝም። ድርሰትሽን ማንበብ አልነበረብኝም። አባትሽን አውቃቸው ነበር፣ ልባም ሰው ነበሩ። ይቅር በይኝ።»

ረድኤት ቀዩን ብዕር ከደነችው። «እኔስ ይቅር ብያለሁ» አለች፣ «ግን መመሪያው የተጻፈው እንደተጻፈ ነው።» ስልሳ ሁለቱ ወታደሮች ተነሡ። ጋሽ ሽመክትን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አስደግፈው አቆሟቸው። ሁሉም አንድ ነገር ወደ እሳቸው አነጣጠሩ፤ ጠመንጃ ይሁን ፔርሙስ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ አይለይም። ረድኤት እጇን አነሣች። ምላሷ ጥርሷ ላይ አረፈ። ልትናገር ነው። «ተ» ልትል ነው ወይስ «ት»? ሁለቱም አጀማመራቸው አንድ ነው! ጋሽ ሽመክት እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ደወል ጮኸ።

ነቁ። መብራት መጥቷል። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ወይዘሮ የሻረግ የሰኩላቸው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። የደወለችው ረድኤት ናት። ጋሽ ሽመክት ሄሎ እንኳ አላሉም።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ ልጄ! ሁሉንም ትኩስ አድርጌብሻለሁ! አሁን ለአለቆችሽ ስጪኝ፣ እኔው ልንገራቸው!»

«ቲቸር…» ድምፅዋ ይቆራረጣል። የምታለቅስ መሰላቸው።

«ቆይ፣ ልጨርስ። ያንን የአባትሽን ድርሰት ለክፍሉ ማንበብ አልነበረብኝም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ረድኤት ትንፋሿን ሳበች። «ቲቸር» አለች፣ «ተኩሱ ደህና ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም በቦታቸው ናቸው።»

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ብርድ ልብሱን ወረወሩት።

«የሄደው ሻዩ ነው።»

«የምን ሻይ?»

«ላንብብልዎት። ‹ጓደኛህ ብርድ ከያዘው ፈጥነህ ተኩስ ስጠው። ብርዱ ካልለቀቀው ደግመህ ስጠው። ለታመመ ጓድ ተኩስ ወተት ይመረጣል።›» ረድኤት እያለቀሰች አልነበረም፣ በሳቅ ፈርሳ ነበር። «ከአሥር ሰዓት ጀምሮ በአማርኛ የሚጫወተው ሁሉ የገዛ ጓደኛውን ሲያሞቅ ነው ያለው! ጠላት ዳር ቆሞ ያያል። አንዱ ልጅ ምን ብሎ ጻፈ መሰልዎት? ‹በረደኝ ስለው በጀርባዬ አሞቀኝ።›»

ከወጥ ቤት ወይዘሮ የሻረግ «ሽሜ፣ ነቃህ? ትኩስ ላምጣልህ?» ብለው ተጣሩ። ጋሽ ሽመክት ስልክ ያልያዘውን እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«አለቆችሽስ?» አሉ። «አሰናበቱሽ?»

«ሊያሰናብቱኝ ነበር የጠሩኝ። ሐቁን ነገርኳቸው። መሐል ላይ የተጫዋቹን ብዛት አዩ፤ እንግሊዝኛውን ትቶ ሁሉም ወደ አማርኛው ዞሯል። ልጆቹ ‹እንዳትነኩብን፣ እንደዚህ ስቀን አናውቅም› እያሉ ይለምናሉ። እስከ ሰኞ ይሙቃቸው ተባለ። የሚቀጥለውንም ወቅት ለዚያው ሰውዬ ስጪው አሉኝ።»

ጋሽ ሽመክት አልጋው ላይ ቁጭ አሉ።

«ለተጫዋቾቹም ማስታወቂያ ጻፍኩላቸው» አለች ረድኤት። ድምፅዋ ዝግ አለ። «‹ፊደሏ ሾልካ ነው፤ ተርጓሚያችን ግን ልባም ሰው ናቸው› ብዬ።»

«ልባም?»

«ልባም። በሳድሱ ‹ል›። ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ አየኋት ቲቸር።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያርም የኖረ ጣታቸው አንሶላው ላይ የ«ልክ ነው» ምልክት ጻፈ።

«ከአሥር አሥር» አሉ።